የዴይኬር ድጎማ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ለዋሽንግተን ስቴት ወላጆች ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖቼ። ሲያትል አካባቢ ቤቴ ውስጥ ላይሰንስ አውጥቼ ሕፃናት መጠበቅ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ስለ ድጎማ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ ብዙ ላካችሁልኝ። የምመልሰው ስለ ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ኮሎራዶ ያላችሁ ደንባችሁ ሌላ ስለሆነ እዚያው ጠይቁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ሆቴል እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። የሱ ገቢ አንድ ወር ከፍ፣ አንድ ወር ዝቅ ይላል። ድጎማ ብንጠይቅ እናገኛለን? (ከሬንተን)

መልስ፦ ጠይቂ እህቴ። ፕሮግራሙ ወርኪንግ ኮኔክሽንስ ይባላል። ልጁ ከ13 ዓመት በታች መሆን አለበት። ሁለታችሁም ሥራ ወይም የተፈቀደ ትምህርት ላይ መሆን አለባችሁ። ስታመለክቱ ገቢያችሁ ከስቴቱ መካከለኛ ገቢ 60 በመቶ መብለጥ የለበትም። ቁጥሩ በቤተሰብ ብዛት ይለያያል፣ ስለዚህ ጎረቤትሽ «እኔን አልተቀበሉኝም» ስላለችሽ ተስፋ አትቁረጪ። ባለቤትሽ የሥራ ወጪውን ለማስረዳት የነዳጅና የጥገና ደረሰኙን አይጣል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ከተፈቀደ በኋላ ያለውን ነው። «አንድ ወር ብዙ ከሠራን ይቆርጡብናል» ይላሉ። በ2014 የተሻሻለው የፌዴራል ሕግ አንዴ ከተፈቀደ ቢያንስ 12 ወር እንዲቆይ ያዛል። ገቢያችሁ ከመካከለኛው ገቢ 85 በመቶ እስካላለፈ ድረስ፣ ትንሽ ስለጨመረ ብቻ አይቋረጥም። ካለፈ ግን ራሳችሁ ማሳወቅ አለባችሁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «የመንግሥት እጅ አላይም» ብሎ ፎርሙን አልፈርምም አለኝ። ለመሆኑ ገንዘቡ የማን ነው? (ከኬንት)

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት። ኩሩ ሰው ነው ባለቤትሽ፣ አከብረዋለሁ። ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይስማ።

አንዱ ምንጭ ፌዴራል ነው። በ1990 በወጣ ሕግ ዋሽንግተን ዲሲ ለየስቴቱ ገንዘብ ይልካል፣ ስቴቱም ከራሱ ይጨምርበታል። ሁለተኛው የኛው ስቴት ነው። እዚህ የስቴት የገቢ ግብር ከደመወዛችን አይቆረጥም፣ ካዝናው በብዛት የሚሞላው በሽያጭ ታክስ ነው። ባለቤትሽ ጎማ ሲገዛ፣ ለልጁ ጫማ ሲገዛ ይከፍላል። ብዙ ሳያገኝም ይከፍላል። ስለዚህ የማንንም እጅ አላየም።

በ2021 ደግሞ ሁለት ነገር ተደረገ። ፌር ስታርት ፎር ኪድስ የሚባለው ሕግ ወጣ፣ ድጎማውንም አሰፋው። በዚያው ዓመት አክሲዮንና የመሳሰለውን ሸጦ በዓመት ከ250 ሺህ ዶላር በላይ ያተረፈ ሰው፣ ከዚያ በላይ ባለው ትርፍ 7 በመቶ እንዲከፍል ተወሰነ። መኖሪያ ቤትና የጡረታ ቁጠባ አይነካም። በየዓመቱ ከሚሰበሰበው የመጀመሪያው 500 ሚሊዮን ዶላር ለትምህርትና ለሕፃናት ወደተለየ ቋት ይገባል። ታክሱ ፍርድ ቤት ተከሶ ነበር፣ በ2023 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸደቀው። በኅዳር 2024 «ይሰረዝ» የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ፤ መራጩ አይሰረዝም አለ። ከኛም ብዙዎች ያን ቀን ድምፅ ሰጥተናል። ይሄን ንገሪው፣ ከዚያ ፎርሙን መልሰሽ አቅርቢለት።

ጥያቄ፦ ሄድስታርትና ኢካፕ አንድ ናቸው? (ከሾርላይን)

መልስ፦ ልጅሽ ክፍል ውስጥ ስትገባ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ሁለቱም ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች ትንንሽ ልጆች የተዘጋጁ ነፃ የቅድመ ትምህርት ፕሮግራሞች ናቸው። ሁለቱም ትምህርት፣ ምግብ፣ የጤና ክትትልና ለወላጅ የሚደረግ እገዛ አላቸው። ሄድስታርት በ1965 የተጀመረ የፌዴራል ፕሮግራም ነው፤ ገንዘቡ ስቴቱን ሳያልፍ በቀጥታ ለሚያስተምረው ድርጅት ይሄዳል። ኢካፕ ስቴቱ ራሱ በ1985 ያቋቋመው ነው። ስለዚህ አንዱ ጋ ቦታ የለም ብትባዪ ሌላውን ለብቻው ጠይቂ። የምግብ ድጋፍ (ስናፕ፣ ፉድ ስታምፕ የሚባለውን) የምታገኙ ከሆነ ደግሞ ለሄድስታርት ብቁ ናችሁ፣ ያንን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ልጆቼን ትጠብቅልኛለች። ለሷ ይከፈላታል? (ከሲያትል)

መልስ፦ ዘመድ፣ ጓደኛና ጎረቤት ላይሰንስ ሳያወጣ ልጅ ጠብቆ የሚከፈልበት መንገድ አለ። የጀርባ ምርመራ ይደረጋል፣ ክፍያውም ታክስ ላይ ይገለጻል። ግን እማማ የመጡት በጎብኚ ቪዛ ከሆነ ሥራ አይፈቀድላቸውም። ይሄን መንገድ እንዳትነኪው። ግሪን ካርድ ካላቸው ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ እኔም ቤቴ ዴይኬር ልከፍት ነው። የስቴቱ ክፍያ ያዋጣል? (ከተክዊላ)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ! በቤት ላይሰንስ ቢበዛ እስከ 12 ልጅ ትይዣለሽ። የድጎማው ክፍያ የሚተመነው የዴይኬሮችን ዋጋ አጥንቶ ነው። የ2021ዱ ሕግ ከፍ አድርጎታል፤ ከ100 ቦታ ውስጥ የ85ቱን ዋጋ የሚሸፍን እንዲሆን ነው የታሰበው። ድሮ ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር፣ ያኔ የዘጉ እህቶችን አውቃለሁ። በዚያ ላይ የቤት ዴይኬር ባለቤቶች ከ2006 ጀምሮ በማኅበር ሆነን ከስቴቱ ጋር ስለ ክፍያ እንደራደራለን። ስብሰባው ላይ ነይ፣ አማርኛ ተናጋሪ አታጪም።

ዋናው ምክሬ መዝገብ ነው። ልጁ ስንት ሰዓት ገባ፣ ስንት ሰዓት ወጣ፣ ማን አስረከበ፣ ማን ተረከበ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናት ሁሌ እየተቻኮለች ሳትፈርም ትሄድ ነበር። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። በኋላ መዝገቤ ሲታይ ልጁን የጠበቅኩባቸውን ቀኖች ማስረዳት አቃተኝ፣ የተከፈለኝን መለስኩ። ሥራውን ሠርቻለሁ፣ ወረቀቱ ግን አልነበረኝም። ዛሬ መኪናዋን አስነስታ ለመሄድ የተዘጋጀች እናት እንኳ ብትሆን መስኮቷን አንኳኩቼ አስፈርማታለሁ።

የፌዴራሉን የምግብ ፕሮግራምም ከመጀመሪያው ወር ተመዝገቢ። ለልጆቹ የምታቀርቢውን ቁርስ፣ ምሳና መክሰስ በተወሰነ ሂሳብ ይመልስልሻል። ከድጎማው ጋር አይጋጭም። የራሱ ማመልከቻ ስላለው ግን ሳይጠይቁ የሚቀሩ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ አማርኛ እንዳይረሳ ሐበሻ ዴይኬር ባስገባው ድጎማው ይቀራል? (ከሊንዉድ)

መልስ፦ አይቀርም። የዴይኬሩ ባለቤት ላይሰንስ ኖሯት ድጎማ የምትቀበል እስከሆነች ድረስ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። እንዲያውም የ2021ዱ ሕግ በሁለት ቋንቋ ለሚያስተምሩ ተጨማሪ ክፍያ አስገብቷል። ሄደሽ ስታዪ ልጆቹ በምን ቋንቋ እንደሚጫወቱ ቁጭ ብለሽ አዳምጪ።