ሩዙ ለተሰጣችሁ ልጆች

ይህን የምጽፈው ጅማ ውስጥ በሆቴልና በምግብ ቤት ሥራ ለጀመራችሁ፣ በምግብ ዝግጅት ሙያም ለምትሠለጥኑ ልጆቼ ነው። አዲስ ገቢ ስትሆኑ ሽንኩርት መክተፍና ሩዝ መቀቀል ይሰጣችኋል። ወጡንና ጥብሱን ነባሩ ይይዘዋል። ብዙዎቻችሁ ሩዙን የተናቀ ሥራ አድርጋችሁ ታዩታላችሁ፤ ውሃ በዓይን ግምት ትጨምራላችሁ፣ ትከድናላችሁ፣ ስልክ ታያላችሁ። እኔ ግን አንድን ማድቤት መመዘን ስፈልግ ወጡን አልቀምስም፤ ሩዙን ነው የምቀምሰው። ወጥ በቅቤና በበርበሬ ብዙ ጉድለት ይሸፍናል። ነጭ ሩዝ መሸሸጊያ የለውም። ተለቅሞ እንደሆነ፣ ታጥቦ እንደሆነ፣ ውሃው ተለክቶ እንደሆነ፣ ክዳኑ በየደቂቃው ሲከፈት የቆየ እንደሆነ ሁሉም ሳህኑ ላይ ይነበባል።

ስለ ሼፎች ፍልስፍና ብዙ ትሰማላችሁ። የአንድ አብሳይ እምነት የሚታወቀው በሚናገረው ሳይሆን እጁ በሚሠራው ነው፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። እ.ኤ.አ. በ2012 በጣሊያን ኤሚሊያ ሮማኛ ክልል የመሬት መንቀጥቀጥ ተከስቶ በየመጋዘኑ የተደረደረው የፓርሚጃኖ አይብ በብዛት ተሰነጣጠቀ። አይብ ሠሪዎቹ ከስረው ሊበተኑ ነበር። የሞዴናው ሼፍ ማሲሞ ቦቱራ ያን አይብ የሚጠቀም፣ ማንም ቤቱ ሊሠራው የሚችል በቁንዶ በርበሬ የተቃኘ የሩዝ አሠራር አወጣና ሰው አይቡን ገዝቶ እንዲያበስል ጥሪ አቀረበ። አገሬውን ለማዳን የመረጠው ምግብ ሩዝ መሆኑን አስተውሉ። ሩዝ የሰጡትን ጣዕም ሁሉ ይቀበላል፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዋጋውም አይከብድም። የሰውየው ፍልስፍና ያች ድስት ውስጥ ናት።

በኛ አካባቢ ሩዝ የራሱ ቦታ አለው። የዘወትር ማዕዱ እንጀራ ነው። ሩዝ የሚሠራው ለዒድ፣ ለኒካህና ለሰርግ፣ ለከበረ እንግዳ ነው፤ በትልቅ ትሪ ተዘርግቶ የበግ ሥጋ ከላይ ተደርጎበት ይቀርባል። ከሐረርና ከሶማሌ ወገኖቻችን ማድቤት የመጣው አሠራር አለ፤ ከሳዑዲ የተመለሱ እህቶቻችን ይዘውት የገቡት ከብሳም አለ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ለጿሚው ሩዝ በአትክልት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው ሩዝ ሲያዝዝ እናቱ ለበዓል ከምትሠራው ጋር እያስተያየ ነው የሚበላው። የላላ፣ የተጣበቀ ሩዝ ስታቀርቡለት ያን በዓሉን ዝቅ እንዳደረጋችሁበት ይሰማዋል።

መጀመሪያ እጃችሁ ላይ ያለው ምን ዓይነት ሩዝ እንደሆነ እወቁ። ልዩነቱ የሚመጣው ከስታርቹ ነው። ስታርች ሁለት ክፍል አለው፤ አሚሎስና አሚሎፔክቲን። አሚሎስ የበዛበት እንደ ባስማቲ ያለው ረጅም ፍሬ ሲበስል ፍሬ ከፍሬ ይለያል፣ ሲቀዘቅዝም ይጠነክራል። አሚሎፔክቲን ያመዘነበት አጭር ፍሬ ይያያዛል፣ ይለሰልሳል። ባስማቲ ገዝታችሁ የተያያዘ የወተት ሩዝ ብትፈልጉ፣ አጭሩን ገዝታችሁ ደግሞ ፍሬው የተበታተነ ፒላው የሚባለውን የሩዝ አሠራር ብትመኙ ጥፋቱ የሩዙ አይደለም።

የአገራችን ሩዝ በብዛት የሚመጣው ከጣና ዳር ከፎገራ ሜዳ ነው፤ ወደኛ ቀረብ ሲል ጉራፈርዳና ጨዋቃ ያመርታሉ። በአነስተኛ ወፍጮ የተፈተገው ስብርባሪው ይበዛል፣ አንዳንዴም ጠጠር አይጠፋውም፤ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ሳትለቅሙ ውሃ አታስነኩት። ስብርባሪ ሩዝን የሚንቅ አብሳይ ሴኔጋልን ይመልከት። ፈረንሳዮች በቅኝ ግዛት ዘመን ከኢንዶቻይና እያመጡ የሸጡላቸው ስብርባሪ ሩዝ ነበር። ሴኔጋሎች ያን ሩዝ ከዓሣ፣ ከቲማቲምና ከአትክልት ጋር አዋህደው ቼቡ ጀን የተባለውን ብሔራዊ ምግባቸውን ሠሩበት፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2021 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። ዛሬ ሙሉ ፍሬ ቢሰጧቸው እንኳ ለቼቡ ጀን ስብርባሪውን የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ መረቁን የሚጠጣው እሱ ነዋ። እኛም ጋ ስብርባሪው ለሾርባ፣ ለሕፃን ገንፎ፣ ለወተት ሩዝና ለቃሪያ ወይም ለጎመን ሙሌት ከባስማቲ ይበልጣል።

አሁን ወደ ድስቱ እንግባ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከውጭ የመጣ እሽግ ላይ «12 ደቂቃ» የሚለውን አምናችሁ ብታወጡት ልቡ ጥሬ ይሆናል። ያኔ ብዙ ልጆች እሳት ይጨምራሉ። የፈላ ውሃ እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከፍ አይልም፤ ከላይ ጥሬ፣ ከታች ያረረ ሩዝ የሚወጣው በዚህ ነው። ለከፍታው መፍትሔው ጊዜና ደንበኛ ክዳን ነው፣ ትንሽ ውሃም መጨመር።

ለ1 ኪሎ ባስማቲ እንዲህ አድርጉ። በቀዝቃዛ ውሃ ሦስት አራት ጊዜ፣ ሳታሹ፣ በጣታችሁ እያገላበጣችሁ እጠቡት። የምታጥቡት የላዩን የስታርች ዱቄት ለማስወገድ ነው፤ እሱ ካልወጣ ፍሬዎቹን ያጣብቃቸዋል። ከዚያ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉትና ወንፊት ላይ 10 ደቂቃ አንጠፍጥፉት። የተዘፈዘፈ ፍሬ ውሃ እስከ ልቡ ስለገባ እኩል ይበስላል፣ ርዝመቱም ይጨምራል። ሳይንጠፈጠፍ ዘይት ውስጥ ከገባ ግን ስለማይጠበስ ይላቁጣል። ወፍራም ድስት ውስጥ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት አግላችሁ አንድ ትልቅ ሽንኩርት በስሱ ከትፋችሁ አቁላሉ። ቀጥሎ ቅመሙ ይግባ። የውጭውን አሠራር የሚከተሉ ሄል ይጨምራሉ። እኛ ግን የኮረሪማ አገር ላይ ተቀምጠን ሄል በውድ የምንገዛበት ምክንያት አይታየኝም። ለ1 ኪሎ ሁለት ኮረሪማ ፈልፍላችሁ ፍሬውን ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጉት፤ አታድቅቁት፤ ከደቀቀ ሩዙን ያጠቁረዋል፣ ምሬትም ይሰጠዋል። አንድ ስባሪ ቀረፋና አራት ቅርንፉድ ይበቁታል። እርድ ለቀለም ከፈለጋችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ፣ ያውም ዘይቱ ውስጥ ቀድሞ ይግባ፤ ውሃው ላይ ከተነሰነሰ ጥሬ ጥሬ ይሸታል።

ሩዙን ጨምራችሁ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ቀስ ብላችሁ አገላብጡት። ፍሬው ዘይት ለብሶ ሲያብለጨልጭ 1.3 ሊትር የፈላ ውሃና 15 ግራም ጨው ጨምሩ። ሩዙ ካልተዘፈዘፈ ውሃው 1.7 ሊትር ይሁን። ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ድስቱን መልሶ ስለሚያበርደው ፍሬው እስኪፈላ ድረስ እየላመ ይቆያል። ውሃው ከሩዙ ፊት በታች ወርዶ ላዩ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ሲታይ እሳቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉ። ክዳኑን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላችሁ ግጥም አድርጉት፤ ፎጣው እንፋሎቱን ስለሚመጥጠው ጠብታ ተመልሶ አይወርድበትም። ለ18 ደቂቃ አትክፈቱት። አውርዳችሁም 10 ደቂቃ ይረፍ። በዚህ ዕረፍት ከታች ያለው እርጥበት ወደ ላይ ይከፋፈላል፣ ፍሬውም ይጸናል። ከዚያ በሹካ ከዳር ወደ መሐል አንሱት። በማማሰያ የታመሰ ሩዝ ይሰበራል፣ የተሰበረ ፍሬም ስታርቹን ይለቃል።

የብዙ ሰርግ ሩዝ የተበላሸው በስሌት ነው። ለ1 ኪሎ 1.3 ሊትር ከሆነ ለ5 ኪሎ 6.5 ሊትር ይሆናል ብለው ያባዙታል፤ ሩዙም ገንፎ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከምትጨምሩት ውሃ ከፊሉን ሩዙ ይጠጣዋል፣ ከፊሉ በእንፋሎት ይሄዳል። ሩዙ የሚጠጣው በኪሎው ልክ ያድጋል። በእንፋሎት የሚሄደውን የሚወስነው ግን የድስቱ አፍ ስፋት፣ የክዳኑ ጥብቀትና ጊዜው ነው። ስለዚህ ለተዘፈዘፈ 5 ኪሎ ከ5.5 እስከ 6 ሊትር ይበቃል። ከ5 ኪሎ በላይ በአንድ ድስት አታብስሉ፤ የላዩ ክብደት የታችኛውን ይጨፈልቀዋል። ለብዙ ሕዝብ ከሆነ የኢራኖች ዘዴ ይሻላል፤ በብዙ ጨዋማ ውሃ እንደ ፓስታ ቀቅሉት፣ ዳሩ ለስልሶ ልቡ ገና ጠንከር ሲል አንጠፍጥፉት፣ ከዚያ ዘይት በተቀባ ድስት ቁልል አድርጋችሁ በቀስታ እንፋሎት ጨርሱት።

ኢራኖች ድስቱ ስር የሚቀረውን ወርቃማ ቅርፊት ታህዲግ ብለው ለእንግዳ ነው የሚያቀርቡት። የስፔን ቫሌንሲያዎችም ፓኤያ የሚሉትን የሩዝ ምግባቸውን ቅርፊት ሶካራት እያሉ ይሻሙበታል። እኛ ጋ «ስሩ ያዘ» ይባልና ይደበቃል። በልክ የጠበሳችሁትና ያረረባችሁ ግን አንድ አይደሉም። ቅርፊቱ ወርቅ መስሎ የለውዝ ሽታ ከሸተተ አቅርቡት። ጠቁሮ የጭስ ሽታ ካመጣ አትፋቁት፤ ድስቱን እርጥብ ጨርቅ ላይ አሳርፉ፣ ላዩን ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ። ከሰል ላይ የምትሠሩ ከሆነ ከድስቱ ስር የብረት ምጣድ አድርጉ፤ እሳቱ በአንድ በኩል እንዳይበረታ ያከፋፍለዋል። ልቡ ጥሬ ከሆነባችሁ ግማሽ ኩባያ የፈላ ውሃ ረጭታችሁ፣ ከድናችሁ አምስት ደቂቃ ጨምሩለት። የላቆጠውን ግን ማንም አይመልሰውም። ለሾርባ አድርጉት፣ እንግዳ ፊት አታቅርቡት።

የወተት ሩዝ ስትሠሩ አንድ ነገር ብቻ ያዙ፤ ስኳሩን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ቀድሞ ከገባ ፍሬው ለመለስለስ ይዘገያል፣ ድስቱም ይይዛል። የጅማን ማር ከመረጣችሁ ደግሞ ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ጨምሩት፤ ሲፈላ መዓዛው ይጠፋል።

ከሁሉ አብልጬ የምነግራችሁ ስለ መረቅ ነው። መረቅ ሩዝ ውስጥ ከገባ በኋላ በዓይን አይለይም። በዚህች ከተማ የሙስሊም ሥጋ የሚበላም የክርስቲያን ሥጋ የሚበላም፣ የሚጾምም የማይጾምም አንድ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣል። የጾም ሩዝ ብሎ ያዘዘ ሰው የጥብሱ ጭልፋ የተነከረበትን ሩዝ ቢበላ ላያውቅ ይችላል። እናንተ ግን ታውቃላችሁ። መረቁን ከየትኛው ሥጋ እንደሠራችሁት ዕቃው ላይ ጻፉ። የጾም ድስትና ጭልፋ ለብቻ ይሁን፣ ቅቤ የነካ መጥበሻ አይንካው። «ምኑም አይታወቅም» የሚል አለቃ ቢያጋጥማችሁ በአክብሮት እምቢ በሉ፤ ያን ድስት በእጃችሁ አትሥሩት።

የተረፈ ሩዝ ደግሞ ሰው ያሳምማል። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ መፍላትን ይቋቋማል። የበሰለ ሩዝ ድስቱ ውስጥ ለብ ብሎ ሲያድር ይራባል፤ የሚያስታውክ መርዝ ይሠራል። ያን መርዝ ዳግም ማሞቅ አያጠፋውም። ስለዚህ የተረፈውን ወዲያው ሰፊ ትሪ ላይ ከ3 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ዘርግታችሁ አብርዱ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ፤ በማግስቱ ጨርሱት። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ለሰዓታት ከሞቀ ድፉት። ምሳ ሰዓት ሙሉ ምድጃ ዳር የሚቆየው ከ60 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቆይ። በደንብ የቀዘቀዘ ሩዝ ስታርቹ ስለጸና ለሩዝ ጥብስ ከትኩሱ ይሻላል፤ መጥበሻው በጣም ይጋል፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው ድርሻ በላይ አትጥበሱ። የሠራተኛ ምግብም ቢሆን ይኸው ሕግ ይሠራል።

ጥሬውንም ጠብቁት። የጅማ ክረምት ረጅምና እርጥብ ነው፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ጆንያ ይሻግታል፣ ነቀዝ ያነሳል። ከወለል ከፍ አድርጋችሁ ክዳን ባለው ባልዲ አስቀምጡ፣ ቀድሞ የገባውን ቀድማችሁ አውጡ።

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀናችሁ ሂርማታ ገበያ ውጡና ሦስት ዓይነት ሩዝ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ግዙ፤ ባስማቲ፣ የፎገራ፣ ስብርባሪ። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ኩባያ በአንድ ዓይነት ድስትና እሳት አብስሉ። ባስማቲውን በ1½ ኩባያ ውሃ ጀምሩና ሌሎቹን ከሱ አንጻር ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ውሃውን፣ ደቂቃውንና ሲቀዘቅዝ ምን እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ ያለ ወጥ፣ ያለ ሰላጣ፣ ያለ ሚጥሚጣ ብቻውን ቅመሱት።