ለከተማው አማካሪ ቦርድ ላመልክት ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ከተማሽ ለሂውማን ሪሌሽንስ፣ ማለትም በተለያዩ ማኅበረሰቦች መካከል ያለውን ግንኙነትና የአድልዎ ብሶትን ለሚመለከተው አማካሪ ቦርድ በጎ ፈቃደኞች እንደሚፈልግ አይተሽ፣ «እንግሊዝኛዬ አክሰንት አለው፣ ሥራዬም ፈረቃ ነው፣ ብገባ ምን እጠቅማለሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ አሜሪካ፣ በምኖርበት ከተማ፣ ሦስት ዓመት አገልግያለሁ። ግቢ ነው የምልሽ። ግን ምን እንደሆነ አውቀሽ ግቢ።

እኔ ስገባ ሽምግልና መስሎኝ ነበር። የተጣሉ ሰዎች ይመጣሉ፣ እናስታርቃለን ብዬ። እንደዚያ አይደለም። የእኛ ቦርድ አይፈርድም፣ አይቀጣም። የሰማውን ይዞ ለከተማው ምክር ቤት የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ምክር ቤቱ ሊቀበለውም ሊተወውም ይችላል። አቤቱታ የመመርመር ሥልጣን ያለው ኮሚሽን ያላቸው ከተሞችም አሉ፤ ስለዚህ ቦርዱ የተቋቋመበትን ደንብ አስቀድመሽ አንብቢ።

ነገሩ ድሮ የተጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ዲትሮይት ውስጥ በነጮችና በጥቁሮች መካከል በተነሳው ብጥብጥ 34 ሰዎች ሞቱ። ቺካጎ በዚያው ዓመት፣ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ደግሞ በ1944 እንዲህ ያለ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ።

ምን ትጠቅሚያለሽ ላልሽው አንድ ምሽት ልንገርሽ። ነጠላ የለበሱ እናት ስብሰባችን ላይ መጡ። ስለ አከራያቸው ሊናገሩ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጃቸው ያስተረጉማል። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የተፈቀደው 3 ደቂቃ ነው። እሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፣ ልጁ ቃል እየፈለገ ይደግመዋል። ቀዩ መብራት ሲበራ ገና ስለ ጣሪያው ማፍሰስ እንኳ አልጨረሱም። ንግግራቸውን መሃል ላይ አቁመው፣ እጅ ነስተው ተቀመጡ። ከቦርዱ አባላት አማርኛ የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጁ ያልተረጎመውንም ሰምቻለሁ። እናቱን ላለማሳፈር ብሎ የዘለለው ነበር።

በሚቀጥለው ወር አጀንዳ አስያዝኩ። በአስተርጓሚ የሚናገር ሰው ጊዜው እጥፍ ይሁን፣ አስተርጓሚውንም ከተማው ያቅርብ፣ ልጅ ለእናቱ እንዲህ ያለ ነገር አያስተርጉም አልኩ። ሁለት ስብሰባ ተከራከርንበት። በመጨረሻ የውሳኔ ሐሳቡ አለፈ፣ ምክር ቤቱም ተቀበለው። ይህን ሁሉ የተናገርኩት በዚሁ አክሰንቴ ነው።

ደግሞ የእኛ ሰው ለአንቺ መንገድ ላይ ይነግርሻል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በይ። እኛ ስንበደል መጀመሪያ ሽማግሌ እንልካለን፣ «እስቲ ይለፍ» እንላለን። ሕጉ ግን ቀን ይቆጥራል። በሥራ ቦታ አድልዎ የደረሰበት ሰው የሥራ አድልዎን ለሚመለከተው የፌዴራል ኮሚሽን ለኢኢኦሲ (EEOC) በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት፤ አድልዎውን የሚከለክል የስቴት ወይም የከተማ ሕግና አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ካለ ብዙውን ጊዜ 300 ቀን ይሆናል። የቤት ጉዳይ ከሆነ ለፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ለሀድ (HUD) ለማመልከት 1 ዓመት ነው። አንድ ወንድማችን ጊዜው ካለፈ በኋላ ነግሮኝ እስካሁን ያንገበግበኛል። የቦርድ አባል ጉዳዩን መፍታት ባይችልም፣ የት እንደሚኬድና እስከ መቼ እንደሆነ መናገር ይችላል።

የሐበሻ ተወካይ ነኝ ብለሽ ብቻ ግን አትግቢ። ሶርያዊውም፣ እዚያው ተወልደው ያረጁት ጥቁር አሜሪካዊም፣ ብሶታቸውን ይዘው ይመጣሉ። የእነሱን ካልሰማሽ፣ ያንቺን የሚሰማ አይኖርም።

ስለ ሰዓቱ፦ እኛ በወር አንድ ማታ ነበር የምንሰበሰበው፣ ክፍያ የለውም። ከአለቃሽ ጋር ያንን አንድ ማታ አስቀድመሽ ተስማሚ። አንድ ሰው ሲቀር ምልዓተ ጉባኤ ሊጎድልና የመጣው ሕዝብ ሳይሰማ ሊመለስ ይችላል። አባላት በግል ተጻጽፈው መወሰን ክልክል ነው፤ ውይይቱ በሕዝብ ፊት እንዲሆን የሚያዝ የግልጽ ስብሰባ ሕግ አለ። እኔ መጀመሪያ ላይ የዋትሳፕ ግሩፕ ከፍቼ የከተማው ጠበቃ አዘግተውኛል።

ማመልከቻው አጭር ቅጽ ነው። አንዳንድ ከተማ የተመዘገበ መራጭ መሆን ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ነዋሪነት ይበቃዋል። ከመሙላትሽ በፊት ግን አንድ ስብሰባ ሄደሽ ከኋላ ቁጭ በይ። ለማንም ክፍት ነው። ሰው ሲናገር አባላቱ ቀና ብለው ያዩት እንደሆነ ተመልከቺ። «ለምን ማገልገል ትፈልጊያለሽ» የሚለውን ጥያቄ ያን ማታ ቤትሽ ገብተሽ ጻፊው። ረቂቁን ብትልኪልኝ ደስ ብሎኝ አነብልሻለሁ።