«በእግሬ ነው የሄድኩት»

እትዬ፣ እንደምን አሉ? ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፍሬሽ ሆኜ ግቢው ሲጠፋብኝ ሁሉን ያሳየኝ ከወረዳችን የመጣ ሲኒየር ነው፤ ሬጅስትራሩ የት እንደሆነ፣ ሃንድአውት የት ኮፒ እንደሚደረግ፣ የትኛው አስተማሪ የድሮ ፈተና እንደሚደግም። «ወንድምሽ ነኝ» ይለኝ ነበር። እናቴ በስልክ አግኝታው «አደራህን» ብላዋለች። ዘንድሮ ጂሲ (ተመራቂ) ነው፣ ከግቢ ውጪ ተከራይቶ ይኖራል።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን የድሮ ፈተናዎች ውሰጂ ብሎ ቤቱ ጠራኝ፣ ሄድኩ። በሩን ቆለፈና ስልኬን ቀማኝ። «ብትጮሂ ማን ይሰማሻል» አለኝ። እጄን ጠምዝዞ ደፈረኝ። እምቢ ብያለሁ፣ አልቅሻለሁ፣ ግን አልጮህኩም። ለምን እንዳልጮህኩ እስካሁን አልገባኝም።

ቀሚሴን በዚያው ሌሊት አጠብኩት። በነጋታው ደግሜ አጠብኩት። ከዶርማችን ጀርባ ገመዱ ላይ እንደተሰጣ ነው፤ ከደረቀ ሰነበተ፣ ላወርደው አልቻልኩም።

ለዶርም ጓደኛዬ ብቻ ነበር የነገርኳት። እሷ ደግሞ ተናዳ ለአንድ ያገራችን ልጅ ነግራው ኖሮ ትናንት ሦስት ሆነው መጡ። «ሊመረቅ ሦስት ወር ነው የቀረው፣ ቤተሰቦቹ በሬ ሸጠው ነው ያስተማሩት፣ ባገር ልጅነት ይቅር በይው» አሉኝ። አንደኛው «እንግዲህ ቤቱ ድረስ በእግርሽ ሄደሽ…» ብሎ ሳይጨርስ ተወው። እውነቱን ነው፣ በእግሬ ነው የሄድኩት። ሲኒየሩ ራሱም በቴሌግራም «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ብሎ ጽፎልኛል። ላጥፋው? ልክሰስ ብልስ ማን ያምነኛል? እናቴ ብትሰማስ?

ስሜ ይቆይ

*

እህቴ፣ የጤናውን ላስቀድም፣ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር ነው፤ ፖስት ፒል የምትሉት ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም ከ5 ቀን በኋላ አይሠራም። (ሌሎቻችሁ፣ ይቺን 72 ሰዓት ያዙልኝ። ሳትታጠቡ፣ ልብስ ሳታጥቡ፣ ቀጥታ ሆስፒታል።) አለፈ ብለሽ ግን እንዳትቀሪ፣ ነገውኑ ሂጂ። የኤችአይቪ፣ የአባላዘርና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ይደረግልሽ፤ የኤችአይቪው ከ3 ወር በኋላ ይደገማል። እጅሽ ላይ የበለዘ ካለ ሳይጠፋ ሐኪም ይመዝግበው። የእርግዝና ምርመራም አድርጊ። አርግዘሽ ከሆነና ማቋረጥ ከፈለግሽ፣ በመደፈር የመጣ እርግዝናን ማቋረጥ ሕጉ ይፈቅዳል፤ የፖሊስ ወረቀት ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ አይልሽም፣ ተደፍሬ ነው ማለትሽ ይበቃል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ከገጠመሽ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 551 እና 552 እንዲያነብ ንገሪው።

ስላለመጮህሽ። ሰው ሲደነግጥ የሚሮጥ አለ፣ የሚታገል አለ፣ ባለበት የሚደርቅም አለ። ተቀምጠሽ አስበሽ የመረጥሽው ነገር አይደለም። ስለ መድፈር የሚደነግገው የዚሁ ሕግ አንቀጽ 620ም ጮኸች ወይ አይልም፤ በኃይል ወይም በብርቱ ዛቻ ተገደደች ወይ ነው የሚለው። በሩ ተቆልፏል፣ ስልክሽ ተቀምቷል፣ እጅሽ ተጠምዝዟል። ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ነው። በእግርሽ የሄድሽው የፈተና ወረቀት ልትወስጂ ነው። እሱስ ተነስቶ በሩን የቆለፈው በማን እግር ነው?

እነዚያ ሦስት ልጆች አናደውኛል፣ አልደብቅሽም። ሽምግልና የምወድ ሰው ነኝ፤ ለመሬት ድንበር፣ ለባልና ሚስት ኩርፊያ የመሰለ ነገር የለም። እነዚህ ግን የእሱ መልእክተኞች ናቸው። ሐኪም ዘንድ ሄደሻል ወይ ያለሽ አለ? ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁም። በሬ ተሸጦ የተማረው እሱ ብቻ ነው እንዴ? ለአንቺስ ምን ተሸጠ? ድሮ ጠላፊ ሽማግሌ ልኮ ልጅቷን ካገባ ከክስ ያመልጥ ነበር፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘግቶታል። እነሱ አልሰሙም መሰለኝ።

የቴሌግራሙን መልእክት እንዳታጠፊው። ስክሪንሾት አንሺው፣ ለምታምኛት ሰው ላኪላት፣ መልስ አትስጪው። ሰይጣን አሳሳተኝ ሲል የሆነ ነገር ማድረጉን በገዛ እጁ ጽፎልሻል።

ክሱን በተመለከተ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። አልዋሽሽም፣ መንገዱ ረጅም ነው፤ «ለምን ሄድሽ» የሚል ፖሊስም ሊገጥምሽ ይችላል። ለዚህ ነው ብቻሽን አትሂጂ የምለው። አዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታልም አዳማም ሐኪሙ፣ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉና የሥነ ልቦና ባለሙያው ባንድ ላይ የሚሠሩበት ማዕከል አለ፤ ታሪክሽን በየቢሮው እየዞርሽ እንዳትደጋግሚ ነው። በአቅራቢያሽ እንደዚህ ያለ ካለ ሆስፒታል ጠይቂ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የግቢያችሁ ጀንደር ቢሮ ዶርም ለማስቀየርና ፈተና ለማስተላለፍ ይረዳሻል፤ «በዲሲፕሊን እንጨርሰው» ካሉሽ ግን እሺ አትበያቸው፣ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፍርድ ቤት አይደለም።

ለእናትሽ ዛሬ የመንገር ግዴታ የለብሽም። ስትነግሪያት ግን አንገትሽን አትድፊ። አደራ የበላው እሱ ነው።

ጓደኛሽ ምላሷ ቢያመልጣትም ልጅቷ ክፉ አትመስለኝም፤ ነገ ሐኪም ቤት ይዘሻት ሂጂ። ቀሚሱንም እሷ ታውርደው። ቢታጠብም አይጣል፣ በወረቀት ጠቅልላ ታስቀምጠው፤ ፖሊስ ይፈልገው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ብታቃጥዪውም ያንቺ ነው።