ከመጀመሪያው ሥዕል እስከ መክፈቻው ቀን፦ ለወጣት የዲዛይን ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ የሥነ ሕንፃና የከተማ ፕላን ትምህርት የምትከታተሉ፣ አንዳንዶቻችሁም ተመርቃችሁ በአማካሪ ድርጅቶች ውስጥ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች፣ ሥራችሁን ይዛችሁ ወደ እኔ ስትመጡ ደጋግማችሁ የምታነሡት አንድ ቅሬታ አለ። መጀመሪያ የሣላችሁት፣ በኮምፒዩተር አሳምራችሁ ያቀረባችሁት፣ ባለቤቱም አይቶ የተደሰተበት ንድፍ ተገንብቶ ሲያልቅ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል፤ እናንተም አንድ ጊዜ ኮንትራክተሩን፣ ሌላ ጊዜ በጀቱን፣ አንዳንዴም የሀገራችንን አሠራር ትወቅሳላችሁ። ወቀሳው ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። ነገር ግን ንድፍ ከሐሳብ እስከ መክፈቻ ድረስ መለወጡን የድህነታችን ምልክት አድርጋችሁ እንዳትወስዱት አደራ እላለሁ፤ እጅግ ብዙ ገንዘብና እጅግ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ያሏቸው የዓለም ታላላቅ የመዝናኛ ፓርኮችም የተሠሩት እንዲሁ እየተለወጡ ነው። በመልካም ሥራና በተበላሸ ሥራ መካከል ልዩነት የሚያመጣው ለውጡ በየትኛው ጊዜ እንደመጣ፣ ሲመጣም ምን ሳይነካ እንደቀረ ነው።

ምሳሌዬን ከመዝናኛ ፓርክ የምወስድበት ምክንያት አለኝ። በእንዲህ ያለ ፓርክ ውስጥ እያንዳንዱ ሰፈር በአንድ ታሪክ ዙሪያ ስለሚገነባ፣ መንገዱም፣ ዛፉም፣ የግድግዳው ስንጥቅም፣ የሚሰማው ድምፅም በዲዛይን ይወሰናል። የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎችም ለሕዝብ ስለታዩ ከተሠራው ጋር ማስተያየት ይቻላል።

በአሜሪካ የሚገኘው ዲዝኒላንድ የተባለው የመዝናኛ ፓርክ አጠቃላይ ገጽታ በአንድ ትልቅ ሥዕል የታየው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1953 ነበር። ሠዓሊው ኸርብ ራይማን ሥዕሉን የሠራው የፓርኩ መሥራች ዋልት ዲዝኒ አጠገቡ ሆኖ ሐሳቡን እየነገረው፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ውስጥ ነው፤ የዋልት ወንድም ሮይ ሥዕሉን ይዞ ገንዘብ ለማፈላለግ ወደ ኒው ዮርክ መሄድ ነበረበትና። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ያ ሥዕል የተሠራው ባለገንዘብ አይቶ እንዲያምን እንጂ ግንበኛ እንዲገነባበት አልነበረም። ፓርኩ በካሊፎርኒያ አናሃይም እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1955 ሲከፈት ከሥዕሉ የጸኑት ጥቂት ነገሮች ነበሩ፦ አንድ መግቢያ ብቻ መኖሩ፣ ከመግቢያው የሚነሣው ዋና መንገድ፣ በመንገዱ መጨረሻ ዓይንን የሚስበው ቤተ መንግሥት፣ ሰፈሮቹ የሚገናኙበት አደባባይና ዙሪያውን የሚከብበው የባቡር ሐዲድ። የሰፈሮቹ ይዘት ግን በብዙ ተለዋውጧል። ቤተ መንግሥቱ ራሱ ቁመቱ 23 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ረጅም መስሎ የሚታየው ድንጋዮቹ ወደ ላይ በሄዱ መጠን እያነሱ እንዲሄዱ ስለተደረገ ነው። ከፍታው ትንሽ ቢሆንም ከሩቅ የመጥራት ሥራው አልተነካም።

እዚያው ፓርክ ውስጥ ተጓዡ በጀልባ ተቀምጦ በጫካ ወንዝ የሚሄድበት ስፍራ አለ። የመጀመሪያው ሐሳብ በወንዙ ዳርቻ እውነተኛ አራዊት እንዲኖሩ ነበር። የእንስሳት ባለሙያዎች ግን አራዊቱ ጎብኚ በሚመጣበት ሰዓት እንደሚተኙና እንደሚደበቁ ስላስረዱ፣ በመሣሪያ በሚንቀሳቀሱ ምስሎች ተተኩ። የተክል ባለሙያው ቢል ኤቫንስም ከቦታው የተነቀሉ የብርቱካን ዛፎችን ገልብጦ፣ ሥራቸውን ወደ ላይ አድርጎ በመትከል የጫካ ቅርንጫፍ አስመሰላቸው። እኔ ይህን ሰው እጅግ አከብረዋለሁ፤ በእጁ ያልነበረውን ሲመኝ አልዋለም፣ በእጁ ያለውን አገላብጦ አየ።

የጊዜ እጥረት ያመጣውን ለውጥ ደግሞ በዚያው ፓርክ «የነገው ዓለም» በተባለው ሰፈር ታዩታላችሁ። ግንባታው በጠቅላላው አንድ ዓመት ያህል ብቻ የፈጀ፣ ወጪውም 17 ሚሊዮን ዶላር የደረሰ ሲሆን፣ ይህ ሰፈር ወደ መጨረሻው ስለቀረ ገንዘቡም ቀኑም አልበቃውም፤ ባዶውን እንዳይታይም በየኩባንያው የዕቃ ማሳያ ተሞላ። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚሉት፣ ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1967 እንደገና ተሠራ። በዚያው የጥድፊያ ወቅት የቧንቧ ሠራተኞች አድማ ስለነበረ ዋልት ዲዝኒ ከመጸዳጃ ቤቱና ከመጠጥ ውኃው አንዱን አስቀድሞ ማስጨረስ ግድ ሆነበት፤ መጸዳጃ ቤቱን መረጠ። ተክሉም አላዳረሰም ነበርና በአንዳንድ ስፍራ የበቀለው አረም እንዳይነቀል ተደርጎ በላቲን ስሙ የተጻፈ ሰሌዳ ቆመለት።

ዘግይቶ የመጣ ለውጥ ሁልጊዜ ጉዳት ነው ብዬ አላስተምራችሁም። የካሪቢያን የባሕር ወንበዴዎች የሚታዩበት ክፍል መጀመሪያ የታሰበው ሰው በእግሩ እየተዘዋወረ የሰም ምስሎችን የሚያይበት ምድር ቤት ሆኖ ነው፤ ቁፋሮውም ተጀምሮ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1964 በኒው ዮርክ በተከፈተው ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ የዲዝኒ ባለሙያዎች የሠሩት የጀልባ ጉዞ ብዙ ሕዝብ ሳይጨናነቅ ማስተናገድ እንደሚችል ስለታየ፣ ወንበዴዎቹም በጀልባ እንዲታዩ ተወሰነ። ቀድሞ የተቆፈረው ስፍራ ለዚህ ስለማይበቃ ጀልባው በባቡር ሐዲዱ ሥር ወርዶ ከፓርኩ አጥር ውጭ ወደተሠራ ትልቅ አዳራሽ እንዲያልፍ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በማርች 1967 ሲከፈት ዋልት ዲዝኒ በሕይወት አልነበረም። ይህ ለውጥ ውድ ነበር፤ ይሁን እንጂ በሌላ ሥራ ላይ በእውነተኛ ሕዝብ ተፈትኖ የመጣ ስለሆነ ወጪው ተገቢ ነበር። ባለቤት በአንድ ምሽት ውጭ ሀገር የተነሣ ፎቶ አይቶ «እንዲህ ይሁንልኝ» የሚለውን ለውጥ ከዚህ ጋር አታደባልቁት።

አሁን ወደ እኛ ወደሚቀርበው ልምጣ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ የሚገኘው የዲዝኒ ኤፕኮት እ.ኤ.አ. በ1966 የታቀደው 20,000 ሰው የሚኖርበት ከተማ ሆኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1982 የተከፈተው ግን ማንም የማይኖርበት ፓርክ ነው። በውስጡ አፍሪካን የሚያሳይ ሰፊ ክፍል እንደሚሠራ ተነግሮ ሳይሠራ ቀረ። አህጉራችን በሰፊው የገባችው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1998 በተከፈተው በዚያው በፍሎሪዳ ባለው የዲዝኒ የእንስሳት ፓርክ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 እውነተኛ አራዊት የማይቻሉ ተብለው የቀሩበት ጉዞም በዚህ ስፍራ፣ በሰፊ ሜዳ ላይ፣ በመኪና የሚደረግ ሆኖ ተመለሰ። በዚያ «ሐራምቤ» የተባለ የምሥራቅ አፍሪካ መንደር ተገንብቷል። የሣር ክዳኑን የሠሩት ከደቡብ አፍሪካ የመጡ የዙሉ ባለሙያዎች ናቸው፤ በግድግዳው ላይ ያለው ልጣጭና ስንጥቅም ታስቦበት የተሠራ ነው። በዚሁ ጉዞ ላይ የአዳኞችን ጭካኔ ለማሳየት የሞተች ዝሆን ምስል ተቀምጦ ነበር፤ ከመክፈቻው በፊት በተደረገው ሙከራ ተመልካቾች፣ ይልቁንም ልጆች የያዙ፣ ስላዘኑበት ተነሣ። ታሪኩ ቀጠለ፣ ሬሳው ግን ቀረ። በአፈ ታሪክ እንስሳት ላይ ሊሠራ የነበረው ሌላ ሰፈር በበጀት ምክንያት ሳይገነባ ሲቀር፣ ከእንስሳቱ አንዱ የሆነው ዘንዶ ግን በፓርኩ ዓርማ ላይ ሲታይ ኖሯል።

የሣር ክዳኑን ነገር ደግሜ የማነሣው ያለ ነገር አይደለም። በጎጃም ገጠር ጎጆ መክደን የሚያውቁ ሰዎች ቆርቆሮ በተስፋፋ ቁጥር እየቀነሱ ነው። እናንተ የጎጃምን መንደር የሚያሳይ መናፈሻ ስትነድፉ፣ ክዳኑን በኮምፒዩተር ሥላችሁ ጨርሳችሁ ባለሙያ ፍለጋ በግንባታው ማብቂያ ላይ የምትወጡ ከሆነ፣ የምታገኙት በሣር የተሸፈነ ቆርቆሮ ይሆናል። ከዳኙ በመጀመሪያው የሐሳብ ስብሰባ ላይ ይቀመጥ፤ የጣሪያው ቁልቁለት ስንት መሆን እንዳለበት፣ ሣሩ በየትኛው ወር እንደሚታጨድ፣ ክረምቱን ስንት ጊዜ እንደሚችል የሚነግራችሁ እርሱ ነው።

መሬቱና ውኃውም እንደዚሁ ናቸው። የጣና ሐይቅ በክረምቱ መግቢያ ዝቅ ብሎ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በወረቀት ላይ ጥቂት ይመስላል፤ ዳርቻው ሜዳ በሆነበት ግን ውኃው ብዙ ርቀት ይገባል። በአንድ የሐይቅ ዳር መዝናኛ ሥራ ስሳተፍ የመጀመሪያው ንድፍ የብረት መደገፊያ ያለው ቀጥ ያለ የድንጋይ መድረክ ነበር፤ ልኬቱም የተወሰደው በግንቦት ነው። ታንኳ የሚሠሩ አባቶችን ይዘን ዳርቻውን ስንዞር ውኃው በጥቅምት የሚደርስበትን በዛፎቹ ግንድ እየጠቆሙ አሳዩን። በሥራው መነሻ ላይ «ጎብኚው ውኃውን በእጁ ይንካ» ብለን ጽፈን ስለነበር፣ መድረኩን ትተን ሰፋፊ የጥቁር ድንጋይ ደረጃዎችን ሠራን፤ በየወሩ ውኃው በተለየ ደረጃ ላይ ይቆማል፣ ሰውም በየወሩ ይነካዋል። ከመጀመሪያው ሥዕል ይልቅ የተሠራው በልጧል፤ የበለጠውም ዓላማው በጽሑፍ ስለነበረ ነው።

በጢስ ዓባይ ላይ ለማሰብ የምትፈልጉም አላችሁ። ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ውኃው ግን ወቅትን ብቻ የሚከተል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በጣና መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብና እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ የጀመረው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በፏፏቴው ላይ የሚወርደውን ውኃ ለውጠውታል። ስለዚህ በነሐሴ የተነሣ ፎቶ ይዞ የተሣለ መመልከቻ በሚያዝያ ባዶ ገደል ሊያሳይ ይችላል። ከመሣላችሁ በፊት በዐራቱም ወቅት ሄዳችሁ እዩት። ዋልካ አፈር ባለበትም በበጋ የሚሰነጠቀው መሬት በክረምት ስለሚያብጥ የእግረኛ መንገዳችሁን ሊያነሣው እንደሚችል አትርሱ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የዛፍ ነገር ነው። በኮምፒዩተር ሥዕላችሁ ላይ ያለው ዋርካ ሃምሳ ዓመት የኖረ ነው፤ በመክፈቻው ቀን የሚተከለው ግን ከወገብ የማያልፍ ችግኝ ነው። ባሕር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይዋ እንዴት እንደሆነች ታውቃላችሁ። የንድፉ ሐሳብ በጸደቀበት ወር ችግኝ ማፍላት ይጀመር፤ በቦታው ያለ ነባር ዋንዛና ሾላ በልኬቱ ላይ አንድ በአንድ ይመዝገብ፤ ሕንፃውም ለዛፉ ቦታ ይልቀቅ። በበጀት ቅነሳ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰረዙት ጥላ፣ መቀመጫና የመጠጥ ውኃ ናቸው፤ ሐውልቱና የመግቢያው በር ለምረቃ ፎቶ ስለሚፈለጉ ይቀራሉ። እናንተ የምትሟገቱት ለጥላው ይሁን። እናት ልጇን አዝላ የምታርፍበት ቦታ ከሌላት፣ የቀረውን ሁሉ ሳታይ ትመለሳለች።

ሰውን ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ የመምራት ጥበብን ለመማር ሩቅ መሄድ አያሻችሁም። ወደ ዘጌ ተሻግራችሁ ከጀልባ ማረፊያው በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ውጡ። ቤተ ክርስቲያኑ እስክትቀርቡት አይገለጥም፤ ከገባችሁም በኋላ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ እየተከታተሉ ይጠብቋችኋል፤ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎችም ዞራችሁ ካልሄዳችሁ በአንድ ጊዜ አይታዩም። ስፍራው የጸሎት ነውና ለመዝናኛ ቅጂ አታድርጉት፤ የአካሄዱን ሥርዓት ግን አጥኑ።

በሥራችሁ መነሻ ላይ እንግዳው ምን እንዲያይና ምን እንዲሰማው እንደምትፈልጉ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽፋችሁ ባለቤቱን አስፈርሙ። ለውጥ በመጣ ቁጥር ያንን ገጽ በጠረጴዛው ላይ አድርጉት። ከኮንክሪት በፊት በካርቶንና በሸክላ ሞዴል ሠርታችሁ ዓይናችሁን በሰው ቁመት ልክ ዝቅ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ አንዱን የግድግዳ ክፍል በእውነተኛው ድንጋይና በእውነተኛው ልስን አስቀድማችሁ አሠሩ። ከምረቃው በፊትም አረጋውያንን፣ የትምህርት ቤት ልጆችንና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎችን ጠርታችሁ ቀኑን ሙሉ እንዲውሉበት አድርጉ፤ የት እንደቆሙ፣ የት እንደጠፉ፣ የት ጥላ እንደፈለጉ መዝግቡ። ውል ስትፈርሙም ሥራችሁ በምረቃው ቀን እንዳያበቃ፣ ከመክፈቻው በኋላ የሚመጣውን አንድ ክረምትና አንድ በጋ እንዲጨምር፣ በዚያ ጊዜ ለሚታየው ማስተካከያም ከጠቅላላው በጀት ላይ የተለየ ገንዘብ እንዲቀመጥ በጽሑፍ አስገቡ።