ውቂያ ካለቀ በኋላ የሚገኝ ቁጥር

እህቴ፣ በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳ ከ90 ገበሬዎች በሰበሰብሽው መረጃ የስንዴ ምርት ልትተነብዪ ነው። ከ24 ተለዋዋጮች (ምርቱን ለመገመት ከየገበሬው ከመዘገብሻቸው ነገሮች) ኮምፒውተሩ ደረጃ በደረጃ እየጣለ 5 አስቀርቶልሻል። «በእነዚህ ልቀጥል?» ላልሽው፣ እኔ አልቀጥልም።

እዚያው በወረዳው ከተማ በእነዋሪ አካባቢ የሠራሁት የመጀመሪያ ሪግሬሽን (ከተለዋዋጮች ተነስቶ ምርቱን የሚገምት ስሌት) እጅግ ያማረ ነበር። ዋናው ተለዋዋጭ «ለውቂያ የፈጀው ቀን» ሆኖ ወጣ። በኩራት ለአንድ አዛውንት ገበሬ ባስረዳቸው፣ «ልጄ፣ ውቂያው ካለቀ እኮ እህሉ ጎተራ ገብቷል፤ ምኑን ትገምታለህ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ተለዋዋጭ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ትንበያውን በምሰጥበት ቀን፣ ለምሳሌ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ይህ ቁጥር በእጄ ይኖራል? ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የእርሻ ድግግሞሽ ይኖራሉ። የመስከረም ዝናብ አይኖርም።

ኮምፒውተሩ ደረጃ በደረጃ መጣሉ ላይ ግን እምነት አትጣይ። ከምርቱ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው 20 ተለዋዋጮች ብትሰጪው፣ በ5 በመቶ መስፈርት በአማካይ አንዱ «ጉልህ» መስሎ ይወጣል። በዚያ ወንፊት ያለፉት የሚያሳዩት ፒ እሴትም (ዝምድና ሳይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድል) ከእውነቱ ያነሰ ነው። የተገላቢጦሹም አለ፦ ዋልካ መሬት (ውኃ የሚይዝ ጥቁር አፈር) ላይ ውኃ ማጠንፈፍ ለስንዴ ወሳኝ ነው፤ ነገር ግን ናሙናሽ ውስጥ ያሉት ሁሉ የሚያጠነፍፉ ከሆነ ልዩነት ስለሌለ ይጣላል። ያ ማለት አይጠቅምም ማለት አይደለም።

ከፍታንና ሙቀትን አብረሽ አስገብተሻል። በ1,000 ሜትር ሽቅብ ሙቀቱ በግምት 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ ሁለቱ አንድ ወሬ ነው የሚያወሩት፤ ለመለካት የሚቀለውን ከፍታ ያዢ።

ለ90 ሰው ከ6 ወይም ከ7 ተለዋዋጭ በላይ አልደፍርም። ኮምፒውተሩ ይምረጥልኝ ካልሽ፣ የስታቲስቲክስ ሊቁ ቲብሺራኒ በ1996 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ላሶ የተባለ ዘዴ ኮፊሸንቶችን (የየተለዋዋጩን ክብደት የሚያሳዩ ቁጥሮችን) እያሳነሰ ደካሞቹን ዜሮ ስለሚያደርግ ይሻላል። ትንበያሽን ስትፈትኚ ግን አንድ ቀበሌ ሙሉ በሙሉ ደብቂ፣ ምርጫውንም ያለ እርሱ ከሀ ጀምሪ፣ ከዚያ የተደበቀውን ተንብዪ፤ ለሌሎቹም ቀበሌዎች እንዲሁ። የአንድ ቀበሌ ሰዎች አንድ ዝናብ ስለሚመታቸው፣ ገበሬዎችን በዘፈቀደ ከፋፍለሽ ብትፈትኚ ውጤቱ ያታልልሻል። እኔን አታሎኛል።

የተጣሉትን የ19ኙን ዝርዝር ላኪልኝ። የተዘራበት ቀን ከውስጡ ካለ፣ መጀመሪያ የምመልሰው እርሱን ነው።