«ብሉ ጄይ» በአማርኛ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የ7 ዓመት ልጄ ግቢያችን የሚመጣውን ብሉ ጄይ «በአማርኛ ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሰማያዊ ወፍ» አልኳት። «እሱማ ቀለሙ ነው!» አለችኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ልጅዎ እውነቷን ነው። እንዲያውም «ሰማያዊ ወፍ» ሌላ ጣጣ አለው። እዚያው ሜሪላንድ ብሉበርድ (ትርጉሙ ራሱ «ሰማያዊ ወፍ» ነው) የሚባል፣ ደረቱ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ትንሽ ወፍ አለ። ገላጣ ሜዳ ይወዳል። ለሁለቱም አንድ ስም ከሰጠናቸው ልጅቷ ግራ ትጋባለች።

ጄይ በኢትዮጵያ ስለማይኖር በአማርኛ የቆየ ስም የለውም። አማርኛ ስም ማውጣት አቅቶት አይደለም። ግንድ ሲቆረቁር የሚውለውን ወፍ አባቶቻችን «ግንደ ቆርቁር» ብለውታል፤ አይተውታላ! ጄይን ግን አላዩትም። የሚያውቁት ዘመዱን ቁራን ነው።

«ታዲያ ሰማያዊ ቁራ ብንለውስ?» የሚሉኝ አሉ። እኔ አልወደውም። ጄይ ብዙ ዓይነት ነው። የእርስዎ ብሉ ጄይ በምሥራቅ አሜሪካ፣ ኦክ የሚባለው ዛፍ ባለበት ጫካና መናፈሻ ይኖራል። በሰሜኑ ብርዳም ደን የሚኖረው የካናዳ ጄይ ግን ግራጫ ነው፤ ሰማያዊ የሚባል ነገር የለውም። እስራኤል ያለው ደግሞ ገላው ቡናማ ሆኖ ክንፉ ላይ ብቻ ሰማያዊ ጣል ጣል ያለበት ነው። ዕብራይስጡ «ኦርቫኒ» ይለዋል፤ «ኦሬቭ» ከሚለው የቁራ ስም አውጥቶ። ደስ የሚል መንገድ ነው። ቀለም ውስጥ ሳይገባ ዝምድናውን ይናገራል።

ሌላም አለ። «ቁራ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየን ጥቁር ወፍ ነው። የኖኅ ነገርም ትዝ ይለናል፤ ተልኮ የቀረን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» እንላለን። ብሉ ጄይ ግን የኦክ ፍሬ መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ ኋላ ተመልሶ የሚያወጣ ወፍ ነው። የረሳው ፍሬ ይበቅላል።

ስለዚህ እኔ «ጄይ» እላለሁ፤ ሲበዛ «ጄዮች»። መጀመሪያ ሲነሳ «ጄይ የተባለው የቁራ ዘመድ» ማለት ይበቃል። «ብሉ» የሚለውን መተርጎም ከፈለጉ «ሰማያዊ ጄይ» ያስኬዳል።

ለልጅዎ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ቦረና ውስጥ፣ በያቤሎ አካባቢ፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ የቁራ ዘመድ አለ። ገላው ግራጫ፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር ነው። ዓይኑ ዙሪያ ያለው ቆዳ ግን ሰማያዊ ነው። ፎቶውን ፈልገው ያሳዩአት።