«ከጠላና ከአረቄ ሌላ አያውቅም» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ታናሽ ወንድምሽ ዘንድሮ ከገጠር ወጥቶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። «እኛ አገር ሱስ የለም፤ አባታችን እንኳ ከጠላና ከአረቄ ሌላ አያውቅም። ከተማ ሲገባ ሲጋራና ሀሺሽ ቢለምድስ?» ብለሻል። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ስለ ሲጋራው ልክ ነሽ። በገጠራችን የሚያጨስ ጥቂት ነው። ካህኑ ያወግዛል፣ ጎረቤት ያማል፤ ሴት ካጨሰችማ ስሟ አለቀ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወንዶች የሚያጨሱት 4 ገደማ ነበሩ። አልኮል ጠጥተው የሚያውቁት ግን 46፣ ከሴቶችም 35።

«ሱስ የለም» ያልሽውን ግን አልቀበልም። እኔም መጀመሪያ ታካሚዎቼን «ሱስ አለብዎት?» እያልኩ ነበር የምጠይቀው። ሁሉም «ኧረ በማርያም!» ይሉኛል። ሱስ ሲባል የሚታያቸው ጫትና ሲጋራ ነዋ። በኋላ ጥያቄውን ቀየርኩት፦ «ጧት እህል ሳይቀምሱ ስንት መለኪያ ይላሉ?» አንድ ገበሬ እጁ እየተንቀጠቀጠ «ሁለት ብቻ፣ ለብርድ» አለኝ። ዳግም አረቄ እኮ ከመቶ 40 በላይ አልኮል ሊኖረው ይችላል፤ ቢራ 5 ገደማ ነው። ገበያ ውሎ ሲመለስ፣ በማኅበሩ፣ በተዝካሩ የሚጠጣው ደግሞ ለብቻው ነው። እሱን ማንም አይቆጥረውም።

አንጀቴን የሚበሉኝ አረቄ አውጪዎቹ ሴቶች ናቸው። ሲያወጡ ይቀምሳሉ፣ ከደንበኛ ጋር ይቀምሳሉ። ነፍሰ ጡር ሆነውም እንዲሁ። «ጠጪ ነሽ» የሚላቸው የለም፤ እነሱም ራሳቸውን ጠጪ አይሉም።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። እኔ ያየኋቸው የግቢ ልጆች በሀሺሽ አልጀመሩም። ለፈተና ብለው ጫት ይቅማሉ። ጫቱ ሲጋራ ይጠራል። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ጨብሲ ይወጣሉ፤ የጫቱን ምርቃና በመጠጥ ሊሰብሩ ማለት ነው። ሀሺሹ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም ለጥቂቶች። ግን ቀላል አይደለም፤ «ሰው ሁሉ ይከታተለኛል» እያለ በጓደኞቹ ተይዞ የመጣ ልጅ አይቻለሁ። ስለዚህ «ሀሺሽ እንዳትነካ» ብለሽ አትሸኚው። ስለ መጀመሪያዋ የፈተና ሌሊት አውሪው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራም መጠጥም እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ አረቄ ቤት ግን ዕድሜ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም።

አባትሽንም ጠይቂያቸው። በየቀኑ የሚጠጡ ከሆነና ጧት እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ «ዛሬውኑ ይተዉት» አትበያቸው። ለዓመታት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንዘፈዝፈው፣ ሊጥለውም ይችላል፤ ሕይወት ያለፈበትም አለ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይዘሻቸው ሂጂ። ለሐኪሙም «ሱስ የለባቸውም» አትበይ፤ በቀን ስንት መለኪያ እንደሚጠጡ ንገሪው።